ወደ ማጋዲ፣ ጉድጓድ እያሳየሁ

በቡድን ብስክሌት መንዳት ሰውን ያቀራርባል ይላሉ። አያቀራርብም። ከማኅበራችን አባላት ጋር ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፤ በደንብ የማውቀው መቀመጫቸውን ነው። አንዱ ከሌላው ጎማ ጀርባ ተለጥፎ ከነፋስ ይከለላል፣ ትንፋሽ ስለማይተርፍ ወሬ የለም፣ ፊት የሚታየው ሻይ ሲጠጣ ብቻ ነው። የተኳረፉ ባልና ሚስት እንኳን ከዚህ የተሻለ ይተያያሉ።

ያም ሆኖ ባለፈው ቅዳሜ ከናይሮቢ እስከ ማጋዲ ሐይቅ በሚደረገው የአማተሮች ጉዞ ላይ ነበርኩ። ምክንያቴ ዳዊት ነው። ጊጊሪ ከሚገኙት የእርዳታ ድርጅቶች በአንዱ ይሠራ ነበር፤ ኮንትራቱ አልቆ የዚያኑ ቀን ማታ ከኬንያ ይወጣል። ለሽኝቱ በተዘጋጀው እራት ላይ አልተገኘሁም። ንግግርና ኬክ ያለበት ስንብት ያንገሸግሸኛል ብዬ ቀረሁ። ማጋዲ ደርሰን፣ ሄልሜታችንን አውልቀን፣ ፊት ለፊት ልሰናበተው ነበር ሐሳቤ። ወደ ኤርፖርት የሚወስደው መኪና እዚያው ማጋዲ እስከ ሰባት ሰዓት ይጠብቀዋል። ከዚያ በፊት መድረስ ነበረብኝ።

ኪሴሪያን፣ ማለዳ

ገና ሳይነጋ ከከተማ ወጣን። ሮንጋይ ላይ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ሙዚቃቸውን ለቀው ክርናችንን ሊነኩ እየደረሱ ያልፋሉ። ኪሴሪያን ለሻይ ቆምን። ማንዳዚው፣ የኬንያ ቦንቦሊኖ፣ ትኩስ ነው፣ አንዱ በአሥር ሽልንግ፤ ዘይቱ ጓንቴን አልፎ ገባ።

ከማኅበሩ የቀረነው ሦስት ነን። ሦስተኛው አብዱልአዚዝ ነው፤ ኢስትሊ የጨርቅ ሱቅ ያለው የሞያሌ ልጅ፣ ከእግሩ ምላሱ የሚፈጥን። ሌሎቹ አባላት ኮንትራታቸው እያለቀ በየተራ በኬክ ተሸኝተዋል።

«ሰው በሚበርበት ቀን ሻንጣ ይዘጋል» አለው ዳዊትን። «አንተ ቂጥህን ታቆስላለህ። ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላን ላይ በምንህ ልትቀመጥ ነው?»

«ቆሜ እሄዳለሁ።»

«ሊቁስ? ዛሬም ልትቀር ነው?» ሊቁ የሚለው እኔን ነው፤ መጽሐፍ ማንበቤን እንደ በሽታ ነው የሚያየው።

«እደርሳለሁ» አልኩ።

ዳዊት ጓንቱን እያጠበቀ «ዛሬ ከኋላህ አልሆንም፣ ወንድሜ» አለኝ። «መኪናው ስላለ ቀድሜ ልሂድ። አደራ፣ ማጋዲ እንዳትቀር።»

ስድስት ዓመት ሙሉ የዳዊት ቦታ ከኋላዬ ነበር። እኛ ነጂዎች አንድ ልማድ አለን፦ ጉድጓድ ያየ ሰው እጁን ዝቅ አድርጎ በጣቱ ወደ መሬት ያሳያል፤ ከኋላው ያለውን ሰው የፊተኛው ጀርባ ስለሚጋርደው መንገዱን አያይምና። በስድስት ዓመት ለዳዊት ያሳየሁት ጉድጓድ ከነገርኩት ቃል ሳይበልጥ አይቀርም።

ከኮርነር ባሪዲ ወደ ታች

ኮርነር ባሪዲ በስዋሂሊ ስሙ እንደሚለው ብርድ ነው። የንጎንግ ኮረብቶች ትከሻ እዚያ ያበቃና ስምጥ ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል። ዳዊትና አብዱልአዚዝ ቁልቁለቱን እንደተወረወረ ድንጋይ ወረዱት። እኔ ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ብዙም ሳይቆይ ከፊቴ ማንም አልነበረም።

ከኦሌፖሎስ በታች አየሩ ይለወጣል። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ተነስቶ ፊት ይገርፋል። ግራር፣ ነጭ አቧራ፣ ፍየል። ቀይ ጨርቅ የደረበ የማሳይ ሰው ጥላ ሥር ቆሞ ስልኩን ያያል፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ውሃዬ እንደ ሻይ ሞቋል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እጄ በራሱ ጊዜ ዝቅ ይልና ወደ መሬት ያሳያል። ለማን? በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ በረሃ፣ ለሌለ ሰው መንገድ አሳያለሁ። ራሴን ታዘብኩ። እጄን መሪው ላይ መለስኩና ተውኩት።

ትንሽ እንደሄድኩ ከጀርባዬ ብረት አስፋልት ሲፍቅ ሰማሁ።

አንዲት ሴት ከነብስክሌቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተዘርግታለች። መዳፏ ተልጧል።

«ምዜ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሽማግሌው ማለቷ ነው፤ በአክብሮት የሚባል ቃል ነው፣ እሷ ግን አክብሮቱን ቀንሳለታለች። «ማሳየቱን ለምን ተውከው?»

«ከኋላዬ መሆንሽን አላወቅኩም።»

«ከኦሌፖሎስ ጀምሮ አለሁ! መንገዱን መች አየሁት? የማየው እጅህን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተስ ለምን ዞር አላልክም?»

 ዋንጂሩ ትባላለች፤ እንደ እኔ ጓደኞቿ ጥለዋት ሄደዋል። እጇን በሞቀው ውሃዬ አጥቤ በመሐረቤ ጠቀለልኩላት። ሰዓቷን አይታ «ሳ ሲታ» አለች። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፦ ስድስት ሰዓት። የአዘጋጆቹ መኪና በአካባቢው አይታይም።

«እነዳለሁ» አለች። «ግን ፍሬን የምይዘው በአንድ እጅ ነው። በድንገት እንዳትቆም። ከቆምክ ላይህ ላይ ነኝ።»

ከኦሎርጌሳይሊ ወዲያ

በቀስታ ነዳን። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አሳያለሁ። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበርን። ከታች ነጭ መኪና ሲወጣ አየሁ። ማጋዲ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ፣ ሰዓቱም የዳዊት መሄጃ ስለሆነ የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠጋት አላስፈለገኝም። ከኋለኛው መስኮት ክንድ ወጣ። ጣቶቼ ፍሬኑን ያዙ።

«ምዜ፣ እንዳትቆም!»

ጎማዋ ከጎማዬ አንድ ክንድ አይርቅም። ፍሬኑን ለቀቅኩ።

መኪናው በጎኔ ሲያልፍ ዳዊት እጁን እያውለበለበ አልነበረም። ጣቱን ወደ መሬት ቀስሯል። ከፊቴ የበርሜል አፍ የሚያህል ጉድጓድ ነበር። እኔም እጄን ዝቅ አድርጌ ለዋንጂሩ አሳየሁ፤ አለፍነው። ከዚያ ዞር አልኩ። የዋንጂሩ ፊት በላብ ርሷል፤ ከእሷ ወዲያ ባዶ መንገድ ነው።

ማጋዲ

ሐይቁ ሮዝና ነጭ ነው፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አብዱልአዚዝ ዳስ ሥር የበቆሎ ገንፎውን ኡጋሊና የፍየል ጥብስ ይዞ ተቀምጧል።

«አየኸው?»

«እጁን አየሁት።»

«እስከ ሰባት ተኩል ቆመ። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋበታል፣ እሱ ሊቁ ይመጣል ይላል።» ቀልድ እስኪጨምርበት ጠበቅኩ። ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው እንጂ አልጨመረም።

ብስክሌቶቹ በጭነት መኪና፣ እኛ በአውቶብስ ተመለስን። ዋንጂሩ ሮንጋይ ላይ ወረደች፤ በተጠቀለለ እጇ ተሰናበተችኝ። ፓርክላንድስ ቤቴ ገብቼ ለዳዊት ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ብቻዬን ነኝ ባልኩባቸው መንገዶች ሁሉ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ይህ ደግሞ አያጽናናም። ስድስት ዓመት ከኋላዬ የነዳውን ሰው ዞር ብዬ አላየሁትም፣ እሱም አልጠራኝም። ጉድጓድ ብቻ ተጠቋቆምን።

ከማኅበሩ ሁለት ቀርተናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በዚያው መንገድ እወጣለሁ። ከኋላዬ ካላችሁ ዝም አትበሉ። ተናገሩ።