በጭቃ ከብት የሚካፈል ሂሳብ

ከጋምቤላ የተነሳሁት ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድሮ መምህር ነበርኩ፤ አሁን የትምህርት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የክስ ደብዳቤ አለ። ኢታንግ አጠገብ፣ ኩሌ አካባቢ የሚያስተምር ጋትሉዋክ የሚባል የኮንትራት መምህር «ልጆቹን ጭቃ ያስቦካል እንጂ አያስተምርም» ይላል ደብዳቤው። ጻፊው ስሙን አላሰፈረም። ሪፖርቴ ክፉ ከሆነ የመምህሩ ኮንትራት አይታደስም። እኔ ግን ደብዳቤውንም መምህሩንም አላመንኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ኢታንግ፣ ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ ሁለት መቶ ብር አስከፈለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት «አንቺስ ስንት ከፈልሽ?» ብላት ሳቀችብኝ፤ እሷም ያው ሁለት መቶ ነው። ኢታንግ ላይ የተጠበሰ ዓሣ አዘዝኩና «የዛሬ ነው?» እያልኩ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ዓሣው ራሱ ይንገርህ?» አለችኝ የምግብ ቤቱ ባለቤት።

ከበላሁ በኋላ ሞተር ከነሞተረኛው ተከራይቼ፣ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ሣር መሃል አቋርጬ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ።

የትምህርት ቤቱ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ አምስት ሰዓት

ጋትሉዋክ ረጅም ወጣት ነው። «ቲቸር! እንኳን ደህና መጡ!» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ሱፐርቫይዘርን ማን ቲቸር ይላል? ሊያለሳልሰኝ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

አንዳንዱ ልጅ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ አንዳንዱ የማባዣ ሰንጠረዥ እያጨበጨበ ይዘፍናል። የቀሩት ከጭቃ ቀንዳም ከብት ይሠራሉ፤ የኑዌር ልጅ ድሮም የሚጫወተው ጨዋታ ነው። መምህሩ ሲጠይቅ ከአንዲት ልጅ በቀር እጅ ሁሉ ወጣ። አሃ! ይህችን እንኳ አውቃታለሁ። እኔ ሳስተምር፣ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያወጣል፤ የምጠራው ቀኙን ብቻ ነበር። ስለዚህ እጇን ያላወጣችውን ልጅ፣ ኛክምን፣ መረጥኩ።

«ሃያ አምስት ለአራት ሲካፈል?»

ወደ ጭቃ ከብቶቹ አየች። ወረቀቴ ላይ ኤክስ አደረግሁ።

«ቲቸር፣ እሷ በጆሮ አይገባትም፣ በእጅ ነው» አለ ጋትሉዋክ። «ከብት ይስጧት።»

ሃያ አምስት የጭቃ ከብት ለአራት ወንድማማቾች አካፍይ አልኳት። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት አድርጋ፣ የቀረችውን አንዷን ጊደር ለብቻዋ አቁማ በኑዌርኛ ብዙ ተናገረች። ጋትሉዋክ ሊተረጉም ሲል «አንተ ተወው!» ብዬ ሞተረኛውን ጠራሁ።

«አንዷ እናታቸው ጋ ትቆይ፣ እስክትወልድ አትካፈልም ነው የምትለው» አለ ሞተረኛው። «ልክ ናት እኮ። ከብት ተቆርጦ ይካፈላል እንዴ?»

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ቀየርኩባት። ሁለቴም አልተሳሳተችም። እኔ ስንት ዓመት በጠመኔ ለፍልፌ ያላስረዳሁትን ቀሪ! አፈርኩ፤ ኤክሱን ሰረዝኩት።

ሊሸኘኝ ሲወጣ «ልጆቹን ያለማመድካቸው መስሎኝ ነበር» ብዬ የግራና የቀኝ እጅ ተንኮሌን ነገርኩት። አልሳቀም።

«አውቃለሁ ቲቸር። አራተኛ ክፍል እርስዎ ነበሩ ያስተማሩኝ። እኔ ግራ እጅ ነበርኩ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አልጠሩኝም።»

ጋምቤላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

የባሮን ድልድይ ተሻግሬ ቤቴ ገባሁና «መምህሩ ይቀጥል» ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ በር ብቻ ከፍቼ፣ በዚያ መግባት ያቃተውን ሁሉ ደንቆሮ ስል ኖሬአለሁ፤ ይህን ያወቅሁት ጡረታዬ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ነው። የጋትሉዋክን የልጅነት ፊት ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። የሚመጣልኝ ግን አንድ የተሰቀለ ግራ እጅ ብቻ ነው።