የጋሽ አበራን ጎራዴ የሳለው

የመርሳው መካኒክ አቶ አበራ ባለፈው እሑድ አርፈዋል። መኪናው በመርሳ መንገድ የተበላሸበት ሁሉ ያውቃቸዋልና ኀዘኑ የብዙዎቻችን ነው። እኔ ሰዒድ፣ ጋራዣቸው ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ በያጅ ነኝ። በቀብራቸው ዕለት «ጎራዴያቸውን ስለው ጠላት የጠበቁ ጀግና» ሲባል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስላንገበገበኝ እውነቱን ልጽፍ ተነሣሁ።

ጎራዴው የአንድ ጣሊያናዊ ፈረሰኛ መኮንን ንብረት ነበር። በወረራው ዘመን ያ መኮንን ከውርጌሳ በታች እየጋለበ መጥቶ የጋሽ አበራን አያት ታላቅ ወንድም አንገት ቀላ። አያትየው ፈረሱን በጦር ወግተው ጣሉና የወደቀውን ሰው ፊት በድንጋይ አደቀቁት። ጋሽ አበራ ይህን ሲተርኩ አይፎክሩም። «አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ያ ፊት አለቀቃቸውም» ይሉ ነበር። ብረቱ ላይ ያለው ቦይ የደም መውረጃ ነው የሚል ሰው ከመጣማ ይቆጣሉ፤ «ለጋላቢው እንዳይከብደው ነው እንጂ! ሰው መግደሉ ያነሰ ይመስል ትጨምሩበታላችሁ!» ጎራዴውን ዘይት ይቀቡታል እንጂ አይስሉትም። መኮንኖቹም በሰላም ጊዜ ደንዞ ይታጠቁት እንደነበር፣ የሚሳለው ለዘመቻ ብቻ እንደሆነ ያስረዱን ነበር።

በዚህ በእኛ ዘመን ጦርነት ታናሽ ወንድሜ በወልዲያ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። የተበሳ ሆዱን በሽርጤ አስሬ ነው ቤት ያደረስኩት። ከዚያ በኋላ እህል ውሃ አላሰኘኝም፤ መግደል ብቻ አማረኝ። ጋሽ አበራ ግራና ወደምትባለው ከተማ ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት ጎራዴውን ከግድግዳ አውርጄ በጋራዡ መሳያ ድንጋይ ሳልኩት። ሲመለሱ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸው ደማ። አልጮሁብኝም። «ሰዒድ፣ ኀዘንህ ይገባኛል። ይህን ግን በሞረድ አደንዝዘው» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አላደነዘዝኩትም።

በማግስቱ ታጣቂዎች በሩን ሰብረው ገቡ። አንደኛው ጎራዴውን መዘዘና «ይህን የሳለው ማነው?» አለ። ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ጋሽ አበራ አንዴ አዩኝና «እኔ ነኝ» አሉ። ታጣቂው ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስይዞ በዚያው ጎራዴ በአንድ ምት አራት ጣታቸውን ቆረጠ። ጣቶቹ መፍቻዎቹ መሀል ሲወድቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎራዴውን ይዘው ሄዱ።

እጃቸውን ሳስር «ጋሼ፣ የሳልኩት እኔ መሆኔን ለሰው እናገራለሁ» አልኳቸው።

«ምን ሊረባህ? ወንድምህን ቀብረሃል፤ ይበቃሃል።»

ከዚያ በኋላ በግራ እጃቸው መሥራት ተማሩ። ብሎን ባመለጣቸው ቁጥር ብሎኑን ይራገሙታል፤ እኔን ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን ሲያነቡ ፊቴን ማየት ሊያስጠላቸው ይችላል፤ እውነታቸውን ነው። እርስዎ ሊሸፍኑኝ ፈለጉ፤ እኔ ግን ባልሳሉት ጎራዴ እንዲወደሱ አልፈቅድም። ሰው ሊገድሉ አልተነሡም፤ እኔ እንዳልገደል እጅዎን ሰጡ። አላህ ይዘንልዎ፣ አፈሩም ይቅለልዎ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ዝም አልክ ብለው ስላልጠየቁኝ ሳልነግርዎ ቀረሁ። ፈርቼ ነው ጋሼ።