በሁዳዴ ቅቤ ይዤ የወጣሁት ዳገት

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ አምቦ ስመለስ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራው ለእኔ ዓይነቷ ተስማሚ ነበር፤ ፋይል አያናግርም። ቅዳሜ ቅዳሜ የስፖርት ጫማዬን አጥልቄ የሁሉቃን ወንዝ ተከትዬ ሽቅብ እሄዳለሁ። ከድልድዩ በላይ በጎመን ማሳዎች ጠርዝ የሚያልፍ ቀጭን መንገድ አለ። ባሕር ዛፉን ያልፍና ወንዙን ተሻግሮ ጥድና ዝግባ ወዳለበት ጫካ ይገባል። ከዚያ የበለጠ የምወደው መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

ችግሩ መነሻው ላይ ነበር። በእኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። ወይ ገበያ ይሄዳል፣ ወይ ለቅሶ ይደርሳል፣ ወይ የጠፋ በሬ ይፈልጋል። «ወዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ጫካ ለማየት» ብሎ መመለስ ያሳፍረኝ ስለነበር ምክንያት አዘጋጅቼ እወጣለሁ። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ሌላ ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ልኮኛል። በጣም የምፈራቸው በወንዙ ዳር ጎመን የሚያለሙ አንዲት ሴት ነበሩ። «እትዬ» እላቸዋለሁ። አጥራቸው መንገዱን ስለሚነካ ሳያዩኝ አልፌ አላውቅም።

የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ ነበር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ!» አሉኝ እትዬ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ሲሉ። «ዛሬስ ወዴት ነው?»

«ደኅና አደሩ፣ እትዬ። ከጫካው ማዶ አራስ ልጠይቅ ነው።»

ከጎመናቸው ቀና ብለው እጄን አዩ። ከውኃ ፕላስቲክ በቀር ምንም አልያዝኩም።

«ባዶ እጅሽን?»

ፊቴ ጋለ። አራስ ልጠይቅ ብሎ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በአምቦ አይቼ አላውቅም። ውሸቴ እንደተነቃ ገባኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ባልዲያቸውን አስቀመጡ።

«ከጫካው ማዶ የወለደች አንዲት ናት» አሉ። «እሷም የእኔ ልጅ ናት። እንግዲህ እሷ ጋ ነው የምትሄጂው እንበል።»

ወደ ቤት ገብተው ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ የማር ዕቃ ይዘው ወጡ። ዙሪያውን በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቅልለውታል። ንጥር ቅቤ ነበር፣ ለገንፎ።

«ሰኞ ነው ያነጠርኩት። የሚወስድልኝ አጣሁ። ኮረሪማው ይብዛ ይነስ አላውቅም፤ ጾም ስለሆነ አልቀመስኩትም።»

ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው ወጥታ የጴንጤ ቤት ማግባቷን፣ እሳቸውም ሰርጓ ላይ አለመገኘታቸውን ወደ ወንዙ እያዩ በአጭሩ ነገሩኝ። ከተያዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ዘወር ብለው፣ «አባትሽን አውቃቸዋለሁ፤ እናንተም እዚያው ናችሁ። ጴንጤ አይዋሽም ይላሉ» አሉና ፈገግ አሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«እርስዎ ራስዎ ለምን አይወስዱላትም?»

«ጉልበቴ!» አሉ መታ መታ እያደረጉት። «ዳገቱን አይችልም።»

«ማን ላከው ብትለኝስ?»

«አትናገሪ። ታውቀዋለች። ካልተቀበለችሽ ግን ይዘሽው እንዳትመለሺ፤ መንገድ ላይ ላገኘሽው ስጪው። ተመልሶ ማየት አልፈልግም።»

ያን ቀን እንደ ወትሮው አልተራመድኩም። ሌላ ጊዜ በየዛፉ ሥር እቆማለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ያን ዕለት ፀሐዩ እየጠነከረ ነበርና ቅቤው ቀልጦ እንዳይፈስ ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገርኩ ሄድኩ። በዚህም ምክንያት መንገዱን በደንብ አየሁት። ጥላው የት እንደሚቋረጥ፣ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ፣ ባሕር ዛፉ ምን ያህል ስስ፣ ሾላው ምን ያህል ለጋስ እንደሆነ። ወንዙ ጎድሎ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። መሻገሪያው ላይ ዕቃውን በሁለት እጄ አቅፌ፣ አንዱ ድንጋይ እንዳይከዳኝ እየጸለይኩ አለፍኩ። ከማዶ ባለው ጫካ ውስጥ አየሩ ባንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል። የጥድ ሽታ አለ፤ አጋሙ አብቦ ነበር። ከበላዬ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩኛል። የምን ዕቃ እንደያዝኩ አንዳቸውም አልጠየቁኝም።

ዳገቱ ሲያልቅ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት አገኘሁ። ውሻ ጮኸ። ሕፃን በትከሻዋ ላይ ያጋደመች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ወጣች። ሰላምታ ተለዋውጠን ስናበቃ የምለው አጣሁና ዕቃውን ብቻ ዘረጋሁ። እሷም ጨርቁን አየችው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም፤ እኔም በውስጤ መንገድ ላይ ላገኘው የምችለውን ሰው መፈለግ ጀመርኩ።

ከዚያ ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

«ኮረሪማው በዝቷል።»

«አልቀመሱትማ፣ ጾም ነው» አልኩ። አትናገሪ የተባልኩት ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«በሁዳዴ?» አለች። «በሁዳዴ ቅቤ አነጠረች? ቤቷን በቅቤ ሽታ ሞላችው?»

መልሴን ሳትጠብቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፣ ዕቃውን በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ። ቀና ብላ ጠየቀችኝ፦

«ለምን ራሷ አልመጣችም?»

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

«ውሸቷን ነው!» አለችና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። «ይሄን ዳገት እንጨት ተሸክማ ከእኔ ቀድማ ነው የምትወጣው። ንገሪያት፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ከሞላ መሻገሪያ የለም። ልጁ ደግሞ እያደገ ነው።»

ስመለስ ለእትዬ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው፤ የኮረሪማውንም ጭምር። «እህ» ብቻ አሉ። ጎመናቸውን ማጠጣት ቀጠሉ። አንዱን መደብ ሁለት ጊዜ ሲያጠጡት አየሁና ተሰናብቼ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መንገዱ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ነጭ ነጠላ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የወይራ በትር።

«ምን ታይኛለሽ? እንሂድ እንጂ።»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የእግር ጉዞ ክበብ ውስጥ ነበርኩ፤ መራመድ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። እትዬ ግን የሚሄዱት ሌላ አካሄድ ነው። አይቸኩሉም፣ አይቆሙምም። እግራቸውን ሳያዩ ያስቀምጡታል። መሻገሪያው ላይ ጫማቸውን አውልቀው እያንዳንዱን ድንጋይ በበትራቸው አንኳኩ፤ ባለፈው እኔ የረገጥኩትን አንዱን ወዝወዝ አድርገው ተዉት። «ይሄ ሰው ይጥላል» አሉ። ጫካው ውስጥ ዛፎቹን አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በኦሮምኛ እየጠሩ አሳዩኝ። የቱ ለእርፍ እንደሚሆን፣ የቱ ቅጠሉ ለከብት እንደሚበጅ፣ የቱን ንብ እንደሚወደው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ደስ የሚል ጫካ» እያልኩ ያለፍኩት ውስጥ ይህ ሁሉ ነበር። ዳገቱ መሐል እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ።

«ጉልበትዎን አያምዎትም?» አልኩ።

«ወሬኛ!» አሉኝና ቀድመውኝ ወጡ።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ። ያን ሁሉ ዳገት ያልበገረው እግራቸው አንዲት እርምጃ ከበደችው።

«አንቺ ቅደሚ» አሉ።

በሕይወቴ ታላቅ ሰውን እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር። «እትዬ፣ እኔ ባለፈው ገብቻለሁ» አልኩ።

ውሻው ጮኸ። ልጅቷ ወጣች። እናቷን አየች። እየተራመደች መጥታ ሕፃኑን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠቻቸው። እትዬ በትራቸውን ጣሉ፣ ልጁን ለመቀበል።

ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልሰማሁም። ፊቴን ወደ ጫካው መልሼ ቁልቁል ወረድኩ። አብረን ልንመለስ ነበር የተነጋገርነው፤ ስለዚህ መሻገሪያው ላይ ሾላው ሥር ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ጥላው ወንዙን አቋርጦ ማዶ እስኪደርስ ጠበቅኩ። አልመጡም። ልጃቸው ቤት ሊያድሩ እንደሆነ ቀስ እያለ ገባኝና ለብቻዬ መሳቅ ጀመርኩ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ድንጋዮቹን እንደ እሳቸው አንድ በአንድ እየፈተንኩ ተሻገርኩ።