ከሽሽት የጀመረ ጨዋታ

ባለቤቴ አካለ ወልድ ደምበጫ መውጫ ላይ ባጃጁ ከተገለበጠችበት ወዲህ ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አያወጣም። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን ደርቀዋል። ሐኪሙ ጨርቅ እንደ ኳስ ጠቅልሎ፣ «ጧት ማታ ጭመቃት፤ አለዚያ እጅህ እንደዚሁ ይቀራል» ብሎት ነበር። ትንሽ ሰነበተና ለውጥ ሲያጣ ወረወራት። እኔም ከምትጣል ብዬ ዓይንና አፍ ሰፍቼባት ለልጃችን ለትሕትና አሻንጉሊት አደረግኋት። ስለ እጁ ካነሳሁበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እህልም አይቀምስ።

እህቱ ሂዊ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አላት። አንድ ቅዳሜ ጎትታ ወስዳ የድሮ ነገሥታትን ጦርነት የሚያጫውት ጌም ፊት አስቀመጠችው። ማውሱን በግራው ሊይዝ ሲል፣ «በቀኝህ!» አለችው። እኔ ትሕትናን አዝዬ ከኋላው ቆምኩ።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው አገር ሰላም፣ ጎተራ ሙሉ ከሆነበት ዘመን ነው። እሱ ግን መነሻ ዓመቱን ገፍቶ ገፍቶ፣ ንጉሡ ተሸንፎ ካምባ አምባ የሚሸሽበት ዓመት ላይ አቆመው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ'ኮ ማንም አይጀምርም» አለች ሂዊ።

«እኔ ነኛ የምጀምር! በ1533 የባሕር ማዶ ረዳት ይደርሳል፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። እስከዚያ አለመያዝ ነው።»

በደረቁ ጣቶቹ ማውሱን እየገፋ ንጉሡን አሸሸው። ስንቅ ሲያልቅ ግማሹን ጦር ለእርሻ ወደ ቀዬው መለሰ። እኔ የማየው እጁን ነበር። ንጉሡ ከተያዘ ያ እጅ ተመልሶ ጋቢ ሥር ይገባል፤ ዳግም ማን ያወጣዋል?

1533 ደረሰ። ረዳት የለም። ጠላት አምባውን ከበበ።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለ አበባው የሚባል ጎረምሳ ከጎኑ ሆኖ፣ «መርከቡ ጎማ ፈነዳበት እንዴ?»

ሂዊ ጎንበስ ብላ አየች። «ውይ ጋሼ! ይኼ'ኮ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ረዳትህ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ተምሬያለሁ፤ ግን አልታየኝም ነበር።

እጁ ከማውሱ ተነሣና ጋቢው ውስጥ ገባ። ላባብለው ብዬ ተውኩት፤ ካባበልኩት ተነሥቶ እንደሚወጣ አውቀዋለሁ። ጋቢው ሥር ጣቶቹን ሲያሻሽ ይታየኛል።

እጁ ወጣ።

«ስቃችሁ ስትጨርሱ ወንበሩን አስጠጉልኝ» አለ።

በጨለማ ከበባውን ጥሶ ወደ ሌላ አምባ አመለጠ። ሂዊ ቤቷን እስክትዘጋ ሁለት ዓመት አሳለፈ፤ ያቆመበትንም አስቀመጠችለት።

መንገድ ላይ፣ «ሥራነሽ፣ ያች ጨርቅ የት ደረሰች?» አለኝ።

«የትኛዋ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«የሐኪሙ። ገና ስድስት ዓመት ይቀረኛል፤ እጄ ካሁኑ ደከመ።»

ቤት እስክንደርስ አላስቻለኝም። ጀርባዬ ላይ ከተኛችው ልጅ እጅ አሻንጉሊቷን ቀስ ብዬ አላቀቅሁና ሰጠሁት። በቀኙ ተቀበለኝ። ከነዓይኗ፣ ከነአፏ ይጨምቃት ጀመር። ነገም ይጨምቃት እንደሆን እንጃ። እኔ ትሕትና ስትነቃ ምን እንደምላት እያሰብኩ ከጎኑ ሄድኩ።