ትከሻዬ ላይ የቀረው እጅ

አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀር እፈልጋለሁ። በጎባ ዋና መንገድ ላይ ፎቶ ቤት የነበረው ሰው ጓደኛዬን ከጎኔ ቆርጦ ጣላት። እጇን ግን ትከሻዬ ላይ ተወው።

በጃንሆይ ጊዜ ጎባ ውብ ከተማ ነበረች ሲሉ እሰማለሁ። አልዋሽም፣ ነበረች። ብርዱ ቢቆነጥጥም፣ በገበያ ቀን ዕቃውን የሸጠ ሰው ወዲያው ወደ አገሩ አይመለስም። ዋናውን መንገድ ከላይ እስከ ታች ይሄድበታል። በረንዳ ላይ የተደረደሩትን ልብስ ሰፊዎች ቆሞ ያያል፤ ሻይ ቤት ገብቶ ትኩስ ቦምቦሊኖ ይበላል፤ ወደ ደሎ መና የሚወርደው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ሲጫን እያየ ማን ሄደ ማን ቀረ ይላል። የሁሉም መጨረሻ ግን የፎቶ ቤቱ መስኮት ነበር። ለማየት አይከፈልበትም። ፎቶ አንሺው ያነሳቸውን ሰዎች ከመስተዋቱ ጀርባ ይደረድራል፤ ሕዝቡም እየተጋፋ፣ ይሄ የእገሌ ልጅ አይደል እየተባባለ ዘመድ ይፈልጋል። እዚያ መስኮት ላይ የወጣን ሰው ከተማው አወቀው ማለት ነው።

እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ እየዋለ እኔን አራተኛ ክፍል ላይ አስቀረኝ፤ ይህም ሌላ በደል ነው። ጓደኛዬ የገሰራ ልጅ ናት። ሮቤ አጠገብ ተድራ ስለነበር ቅቤዋን ይዛ ጎባ ትመጣለች። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፤ የሚያስቀን ነገር ግን አንድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቅቤው በጊዜ አለቀላትና፣ ወላሂ ዛሬ እኔና አንቺ እዚያ መስኮት ላይ እንወጣለን ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ። ፎቶ አንሺው ጸጉሯ ላይ ያለውን ቅቤ አይቶ ወንበሬን እንዳታበላሺው አላት።

“ቅቤው ከወንበርህ ይበልጣል፤ እኔ እቆማለሁ” አለችው።

እኔ ተቀመጥኩ፣ እሷ ከጎኔ ቆማ አምባር የሞላበትን እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ለቅዳሜ ሳምንት መስኮቱ ላይ አወጣችኋለሁ ብሎ ቃል ገባልን። እሷም በዕድሜዋ ፎቶ የሚባል ነገር አይታ ለማታውቅ እናቷ፣ መጥተሽ እዪኝ ብላ ገሰራ መልእክት ላከችላት።

ሐሙስ ቀን በዚያ ሳልፍ መስኮቱ ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ትከሻዬ ላይ ከነአምባሩ እጅ አለ፤ ባለቤት የለውም። እናትየዋ በዚያን ሰዓት በቅሎ ላይ ወጥታለች።

ገባሁና የእጁ ባለቤት የት አለች አልኩት። ፍሬሙ ጠበበኝ አለ። አናጢ ዘንድ ሄጄ ሰፊ ፍሬም አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ለመጪው በዓል እንግዳ ስለሚመጣ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮታችሁን አሳምሩ ብሎናል አለ። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ቀና ሳይል፣ አቧራችሁን ጥረጉ ነው ያልነው፣ ስለ ሰው መልክ ማን አወራ አለኝ። ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። ዓርብም አልከፈተም።

ቅዳሜ እናትና ልጅ ከገበያው ወደ ላይ ሲመጡ አየሁ። ላስቆማቸው ሮጥኩ፤ ግን ጓደኛዬ እናቷን በእጇ ይዛ ሕዝቡን እየገፋች ቀድማኝ ደረሰች። መስተዋቱ ፊት ቆመች። የእናቷን እጅ ለቀቀች።

አሮጊቷ ፊቷን ወደ መስተዋቱ አስጠጋች። ትንፋሿ ሲያደበዝዘው በሻሿ ጠረገችው። እኔን አታውቀኝም፤ ልጇን ትፈልጋለች። ቆይታ የልጇን እጅ አነሳችና መስተዋቱ ላይ ካለው እጅ አጠገብ አድርጋ አምባሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የሠርጓ ቀን ራሷ ያሰረችላት አምባሮች ነበሩ። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው ፎቶ አንሺ ዞራ በኦሮምኛ ተናገረች። እሱ ቋንቋውን አልሰማሁም እንዳይል እኔ በአማርኛ ደገምኩለት።

“እጇን አገኘሁት። የቀረችውን ልጄን ወዴት አደረግሃት? ነው የምትልህ።”

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ፎቶ አንሺው ገብቶ ከመሳቢያው ፊልሙን አወጣ። ፊልሙ እንዳለ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሙሉውን አጥቦ እኔ ባመጣሁት ፍሬም አድርጎ ሰቀለው። አሮጊቷ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ከመስኮቱ አልተነሳችም፤ ስትሄድም ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። ጓደኛዬም በቃ ተዪው አለችኝ።

አልተውኩም። ፎቶውን መስቀሉ መልስ አይደለም። በየገበያው ቀን በሩ ላይ እየቆምኩ ለምን ቆረጥካት እለዋለሁ። ደንበኛ አለብኝ ይላል። ለሰው አበደች ብሎ አወራብኝ፤ ለአባቴም ከሰሰኝ፤ አባቴም ተቆጣኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው በር ላይ ነበርኩ። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ በሆነበት አንድ ቀን ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። መስተዋቱን የሚጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ።

“ማንም የሚጠይቅ አልመሰለኝም” አለኝ።