በአመክሮ ሲፈታ የት ይገባል?

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዕለት የማረሚያ ቤቱ ኮማንደር መዝገብ ክፍል አቁሞ አስተማረኝ። «ስሚ፤ ምሕረት በአዋጅ ነው። ይቅርታ ከመንግሥት ነው። አመክሮ ግን ከፍርድ ቤት ነው። ታራሚው ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ ጠባዩ ካማረ፣ የቀረውን ውጭ ሆኖ ይፈተንበታል። ግዴታውን ከጣሰ ይመለሳል። የምታደባልቂያቸው ከሆነ ከወዲሁ ንገሪኝ።» አላደባልቅም አልኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አደባልቄያቸው ነበር።

እኔ ሰው አልፈራም፤ ወረቀት እፈራለሁ። የእስር ዘመን የሚቆጠረው ፖሊስ ከያዘው ዕለት ጀምሮ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ብስት ሰው አላግባብ ይታሰራል እያልኩ ሦስት ጊዜ እደምር ነበር። ባልደረቦቼ «ጣት ቆጣሪዋ ሳጅን» ይሉኝ ነበር፤ ይበሉኝ። ፍርሃቴ ሁሉ በቀን ላይ ነበር።

ሞገስ የምለው ታራሚ የታች ጋይንት ገበሬ ነው። በእርሻ ድንበር ጠብ ጎረቤቱን ገድሎ ተፈረደበት፣ እዚያው እኛ ዘንድ አናጢነት ተማረ፣ አመክሮው ደረሰ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ሞገስን አስጠርቼ አነበብኩለት። «በትውልድ ቀበሌው እየኖረ በየወሩ ለቀበሌው አስተዳደር እንዲቀርብ» ስል፣ ለፊርማ ያዘጋጀው አውራ ጣቱ ቀለሙ ላይ ቀረ።

«ሳጅን፣ ይህን ማን አለ?»

«ፍርድ ቤቱ ነው።»

«ደሙ እኮ አልደረቀም። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሁለት ጊዜ ሄደው እንቢ ተብለው ተመለሱ። የሟች ወንድሞች ከቤታችን ማዶ ናቸው። ነገ አርብ ገበያ ላይ፣ ገና ወደ ቤቴ ሳልሻገር ያገኙኛል። እኔ የምገባው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ነው።»

ቅጹን አወጣሁ። የመኖሪያ ቦታ በሚለው መስመር ላይ የትውልድ ቀበሌውን ጽፌዋለሁ፣ በገዛ እጄ። ከመዝገቡ ገልብጬ ነው። አልጠየቅሁትም። ቢሄድ ይገድሉታል፤ ባይሄድ ግዴታ ጥሷል ተብሎ ይመለሳል።

ኮማንደሩ ዘንድ ሮጥኩ። «ትዕዛዙ እስኪታረም እናቆየው፣ ጌታዬ።»

«መፈቻው ከደረሰ አንድ ሰዓት ላቆየው አልችልም። ከሕግ ውጭ መያዝ ነው።»

«ታዲያ ይሙት?»

«እሱን አላልኩም። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ዳኛው ዘንድ ሂጂ።»

ሞገስን «ከበሩ እንዳትርቅ» አልኩት። ነፃ ሰው ሆኖ ከዘቡ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ሊቀበሉት ከገጠር መጥተው ስለነበር ጎኑ ተቀመጡ። እኔ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ችሎቱ እስኪያልቅ ደጅ ላይ ቆምኩ። ሞገስ ትዕግሥቱ አልቆ ቢሄድስ? ወሬው ለሟች ወንድሞች ቀድሞ ቢደርስስ? ዳኛው ሲጠሩኝ ቅጹን ይዤ ገባሁ።

«ስህተቱ የእኛ ነው የእናንተ?»

«የእኔ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ለምን አልጠየቅሽውም?»

«የተፈታ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል ብዬ።»

ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ። መኖሪያው መካነ ኢየሱስ ሆነ። ነገር ግን እኔ ያልጠየቅሁት አንድ መስመር ጨመሩ፤ የአመክሮ ጊዜው እስኪያልቅ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ወደ ትውልድ ቀበሌው እንዳይደርስ።

ስመለስ ሞገስ እዚያው ነበር። ደስታዬን አልቻልኩትም። አነበብኩለት፣ ፈረመ። እናቱ ግን ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሡም።

«እኔ ስሞትስ፣ ልጄ ቀብሬ ላይ አይቆምም?»

«ፍርድ ቤት ካስፈቀደ ይችላል፣ እማማ።»

«ሬሳ ፈቃድ እስኪመጣ ይጠብቃል?»

እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ልጃቸውን ወደ መናኸሪያው መንገድ ገፋ አደረጉት። «ሂድ በል። እኔ ከምቀብርህ፣ አንተ ሳትቀብረኝ ብትቀር ይሻላል።»

እናቱ የሞቱት የአመክሮው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። ፈቃዱ የወጣው ከቀብራቸው በማግስቱ ነበር።

እናንተ አዲሶቹ የመዝገብ ሠራተኞች ዛሬ በኮምፒዩተር ትሠራላችሁ፤ ኮምፒዩተሩም እንደ እኔ ይገለብጣል። የመኖሪያ ቦታ ስትሞሉ ሰውየውን ጥሩትና ጠይቁት።