በረዶ ላይ የረጨሁት ጠበል

ልጄ ማህሌት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት ትማራለች። አሰልጣኟ ሩሲያዊት ናት፤ በወጣትነቷ ከአንድ ወንድ ጋር ተጣምራ ትወዳደር ነበር አሉ። ማህሌትንም ከአንድ ጎረምሳ ጋር አጣመረቻት። የፈተናቸው ዕለት ልጁ ከራሱ በላይ እንደሚያነሳት ስሰማ ድንግጥ አልኩ። ብትወድቅብኝስ? እኔ ከጸሎት ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ማንም ሳያየኝ የጠበል ጠርሙሴን ከኪሴ አውጥቼ፣ «እመቤቴ፣ አደራሽን» እያልኩ በአጥሩ ላይ አሻግሬ ወደ በረዶው ሜዳ ረጨሁት።

በረዶ ላይ ያረፈ ጠብታ ወዲያው ጠጠር ይሆናል ለካ! አሰልጣኟ ሜዳውን ልታይ ቀድማ ገባች፤ የጫማዋ ስለት ያንን ጠጠር ሲነካው እዚያው ፊት ለፊቴ በቂጧ ዘጭ አለች።

«ዳድ! ምንድነው ያደረግከው?» አለች ማህሌት እጄ ላይ የቀረውን ጠርሙስ አይታ።

«ጠበል ነው፤ እንዳትወድቂ ብዬ እኮ ነው!»

ማህሌት በእፍረት ቀልታ ተረጎመችላት። በቃ ልጄን ልታባርርብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ በረዶው ላይ እንደተቀመጠች ሳቋን ለቀቀችው።

«እናቴም በመጨረሻው ውድድሬ ዕለት እንዲሁ ረጭታልኝ ነበር» አለች ድሮ የተሰበረ ጉልበቷን እያሻሸች። «አሰልጣኝ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው።»